ወደ ዋሻ ሚካኤል ያደረግነው ጉዞ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ስለ ክፍላችን የጥናት ጉዞ ንግግር እንዳደርግ በታዘዝኩ ጊዜ በመጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። አክሱምን ወይም ላሊበላን አይተው የሚመለሱ ተማሪዎች የሚያወሩት ብዙ ነው። እኛ የሄድንበት ተራራ ግን ከዚህ አዳራሽ ደጃፍ ቆሞ ወደ ሰሜን ቀና ላለ ሰው ፊት ለፊት ይታያል። ጠዋት በእግራችን ወጥተን ከሰዓት በኋላ በእግራችን ተመልሰናል። ለአውቶቡስ የከፈልነው አንድ ብር የለም። ይሁን እንጂ ከዚያች ቀን ጀምሮ በልቤ የሚመላለስ ነገር ስላለ፣ ደግሞም በእናንተ ፊት ልናገረው የሚገባኝ አንድ ጥፋት ስላለብኝ፣ ትእዛዙን ተቀብዬ እነሆ ቆሜአለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በበረሃ ምኞት ነው። አምና የታሪክ መምህራችን ስለ ሰው ዘር ጥንታዊነት ሲያስተምሩን፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር ሐዳር በተባለው ስፍራ ስለ ተገኘችው ስለ ድንቅነሽ ነገሩን። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ሲሆን፣ ከአጥንቷ 40 በመቶ የሚሆነው ተገኝቷል። ይኸን ከሰማን በኋላ ክፍሉ በሙሉ «ሐዳርን ካላየን» አለ። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ግመሉና ስለ ድንኳኑ ለብዙ ቀን ስናወራ ቆየን። ከመካከላችን አንዱማ አፈር የሚጭርበት ማንኪያ ከእናቱ ጓዳ ወስዶ በቦርሳው ይዞት ይዞር ነበር።

መምህራችን ግን ሳቁብን። «ሐዳር በአንድ ቀን ደርሰው የሚመለሱበት አገር አይደለም፤ ለመሆኑ በደጃችሁ ያለውን አይታችሁ ጨርሳችኋል?» ብለው ጠየቁን። ዝም አልን። «ዋሻ ሚካኤልን ያየ እጁን ያውጣ» አሉ። እጃቸውን ያወጡት ሦስት ብቻ ነበሩ። እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ የካ ነው፤ ነገር ግን እኔም እጄን አላወጣሁም።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምት ወር፣ በአንድ ቅዳሜ ማለዳ ተነሣን። ደብተርና እርሳስ፣ ለመለኪያ የሚሆን ገመድ፣ ለምሳ ዳቦና ቆሎ ይዘናል። ባለማንኪያው ማንኪያውን አልተወም። ከየካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አልፈን ዳገቱን ስንጀምር ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ከላይ ይወርዱ ነበር። መንገዱ ጠባብ ስለ ሆነ ዳር ይዘን ቆመን አሳለፍናቸው። ሸክሙ ከሴቶቹ ቁመት ይረዝማል፤ ከፊታቸው በቀር የሚታይ ነገር የላቸውም። እኛ ትንሽ ቦርሳ አንግበን እያለከለክን ነበርና አፈርን። የእኔም አያት በወጣትነታቸው ከዚሁ ተራራ እንጨት ሲያወርዱ መኖራቸውን አውቃለሁ። በዚያች ጠዋት ግን እርሳቸውን አላሰብሁም፤ አሁን ሳስበው ይደንቀኛል።

ዛሬ የእንጦጦን ወገብ የሸፈነው ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ስለ ሆነ፣ ዋሻውን የጠረቡት ሰዎች ይኸን ዛፍ አላዩትም። እነርሱ ያዩት ጥድና ወይራ ነው። የጂኦግራፊ መምህራችንም አብረውን ነበሩና ከእግራችን በታች ያለውን አለት አሳዩን። እንጦጦ በእሳተ ገሞራ የተሠራ ተራራ ነው፤ ዕድሜውም ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። አንዱ ጓደኛችን ጣቱን ቆጥሮ «እንግዲያውስ ድንቅነሽ ስትወለድ ይህ ተራራ አርጅቶ ነበር» አለ። ለካ በረሃውን ትተን ወጣት ወደ ሆነ ነገር የመጣን መስሎን ነበር!

በዝግታ፣ ደግሞም እያረፍን፣ አንድ ሰዓት ያህል ወጥተን ከቦታው ደረስን። ዋሻ ሚካኤል ከሩቅ ቤተ ክርስቲያን አይመስልም። ጉልላት ከሰማይ ጋር ሲገናኝ የሚታይበት ቦታ አይደለም። በዛፎቹ መካከል መሬቱ ወደ ታች ይገባል፤ ቀርበው ሲያዩም ግድግዳው፣ ዓምዱና መስኮቱ ሁሉ ከአንድ አለት የወጣ ሆኖ ያገኙታል። ጫማችንን አውልቀን ገባን። ጣራው በአብዛኛው ወርዷል። አያቶቻችን የጣሊያን አውሮፕላን በ1928ቱ ወረራ ዘመን በቦምብ እንደ መታው ይናገራሉ። በውስጡ የክረምቱ ዝናብ ተጠራቅሞ ስለ ነበር፣ በአንዳንዱ ክፍል ውኃው ከቁርጭምጭሚት በላይ ነበረ። አረንጓዴ ሻጋታ ግድግዳውን ይዞታል። ያ ሁሉ ጫጫታችን በአንድ ጊዜ ጠፋ። ከጣራው ጠርዝ ወደ ውኃው የሚንጠባጠበው ጠብታ ብቻ ይሰማ ነበር።

ወዳጆቼ ሆይ፣ ቤት ሲሠራ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይጨመራል፤ የተሳሳተ ግንበኛ ድንጋዩን አንሥቶ ሌላ ይተካል። ከአለት የሚወቀር ቤት ግን የሚሠራው በመቀነስ ነው። አንድ ጊዜ የተነሣው አይመለስም። ዓምድ እንዲሆን የታሰበውን አንድ ሰው በስሕተት ቢቆርጠው ሌላ ዓምድ ከየትም አይመጣም። ስለዚህ ጠራቢዎቹ መጀመሪያ መሮአቸውን ከማንሣታቸው በፊት ቤቱን በሙሉ በሐሳባቸው ጨርሰውት መሆን አለበት። እኛ በወረቀት ላይ አንዲት መስመር ስናሰምር ሦስት ጊዜ በላጲስ እናጠፋለን።

መቼ ተሠራ? በዚህ ላይ ክፍላችን ሁለት ሆኖ ተከራክሯል። በአባቶች ዘንድ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ ሥራውን ለአብርሃና ለአጽብሐ፣ ይኸውም ለ4ኛው መቶ ዓመት ነገሥታት ይሰጣል። የታሪክ ተመራማሪዎች ደግሞ አሠራሩን ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ጋር እያስተያዩ ወደ 12ኛውና ወደ 13ኛው መቶ ዓመት ያቀርቡታል። መምህራችን የትኛውንም ወገን አላሸነፉም፤ ይልቁንም ክርክሩ ለምን ከባድ እንደ ሆነ ገለጹልን። የተገነባ ቤት በግንቡ ውስጥ እንጨት ወይም ጭቃ ይኖረዋል፤ እንጨቱ ይመረመራል፣ ዕድሜውም ይታወቃል። ከአለት የተወቀረ ቤት ግን አለቱ የተራራው ዕድሜ እንጂ የቤቱ ዕድሜ የለውም። ጠራቢው የተወልን ባዶ ስፍራ ነው፤ ባዶ ስፍራም ዓመተ ምሕረት አይጻፍበትም። ስለዚህ የመስኮቱን ቅርጽ፣ የዓምዱን ራስ፣ የበሩን አገባብ ከሌላ ቦታ ካለው ጋር እያመሳከሩ መገመት ግድ ነው።

ከሁሉ ይልቅ በአእምሮዬ የቀረው ግን በዚያ ውኃ ዳር ቆመን ስለ ሐዳር የነገሩን ነው። እኛ አጥንት በበረሃ የተጠበቀው በረሃ ስለ ሆነ ይመስለን ነበር። እንዲያ አይደለም አሉን። ድንቅነሽ በነበረችበት ጊዜ ሐዳር ወንዝና ሐይቅ፣ ዛፍም ያለበት አገር ነበር። ወንዙ ያመጣው ደለል አጥንቱን ቀበረው፤ እሳተ ገሞራም በየጊዜው አመዱን በላዩ አለበሰው። ሊቃውንት ዕድሜውን የሚያውቁት በዚያ አመድ ነው። ከዚያ በኋላ አገሩ ደረቀ፣ ሣሩና ዛፉ ጠፋ፣ አልፎ አልፎ የሚመጣው ጎርፍ አፈሩን ሲሸረሽር አጥንቱ ብቅ አለ። የቀበረው ውኃ ሲሆን ያሳየን በረሃው ነው።

በእኛ ተራራ ላይ ይህ ሁሉ የለም። የእንጦጦ ዝናብ አፈሩን ጠርጎ ወደ ቀበና ወንዝ ይወስደዋል እንጂ ምንም ነገር አይቀብርም። የእንጨት ቤት ይበሰብሳል፣ የጭቃው ይቀልጣል፣ የድንጋይ ካቡን ሌላ ሰው መጥቶ ለሌላ ካብ ይወስደዋል። ሊቀር የፈለገ ሰው ተራራውን ራሱን መውቀር ነበረበት። ይህም ቢሆን የሚጸናው ጣራው እስካለ ድረስ ነው። ጣራው ከተነሣ በኋላ ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃ ወደ ስንጥቁ ይገባል፣ ሥር ይከተለዋል፣ ድንጋዩም ቅርፊት በቅርፊት ይላቀቃል። የሐዳር አጥንት ሦስት ሚሊዮን ዓመት ማንም ሳያየው ቆየ። ይህን ቤት ስንት ሰው በአጠገቡ ያልፋል!

ከዚያ ጥቂት ወደ ላይ ወጥተን ምሳችንን በላን። ከተማው በሙሉ ከእግራችን በታች ነበረ። እዚያ ሳለን አንዲት የክፍላችን ተማሪ ያዘጋጀችውን ጽሑፍ አነበበችልን። ዳግማዊ ምኒልክ እንጦጦን በመረጡ ጊዜ ስፍራው የቀድሞ ነገሥታት መቀመጫ ነበር የሚል ወሬ እንደ ነበረ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ እንደ ጫኑ፣ ነገር ግን ብርዱና የማገዶው እጥረት ስላስቸገረ መኳንንቱና ሕዝቡ በ1879 ዓ.ም. ወደ ተቆረቆረችው ወደ አዲስ አበባ እየወረዱ እንደ ሄዱ አስረዳችን። ከዚያም በ15ኛው መቶ ዓመት ፍራ ማውሮ የተባለ የቬኒስ መነኩሴ በሣለው የዓለም ካርታ ላይ ባራራ የምትባል የኢትዮጵያ ነገሥታት ከተማ እንደ ተጻፈች ነገረችን። ከተማይቱ በ16ኛው መቶ ዓመት ጦርነት ጠፋች። ስፍራዋ የት እንደ ነበረ ዛሬም ሊቃውንት አልተስማሙም፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ እዚሁ እንጦጦ ላይ፣ ሌሎቹ ደግሞ በዙሪያችን ባሉት ተራሮች አጠገብ ያደርጓታል።

ይኸን ስትነግረን ሁላችንም ወደ ታች ተመለከትን። ቬኒስ ድረስ ስሟ የደረሰ ከተማ! ንጉሥ፣ መኳንንት፣ ገበያ፣ ጠላ ቤትም ሳይቀር የነበረባት ከተማ ጠፍታ ሰው በተራራ ይከራከርባታል። ባለማንኪያው ተነሥቶ መቆፈር ጀመረ። መምህራችን ማንኪያውን ቀሙት፤ ጉዞው እስኪያልቅም በኮታቸው ኪስ ነበረ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ዋሻው ተመለስን። አሳባችን ርዝመቱንና ወርዱን በገመድ ለክተን ትክክለኛ ንድፍ ማንሣት ነበር። አልሆነልንም። ውኃው ባለበት ክፍል ገመዱ ይዘፈቃል፤ ግድግዳውም ቀጥ ያለ ስላልሆነ የአንዱ ቡድን ልክ ከሌላው አልገጠመም። ስለዚህ በዓይን ግምት የተሣለ ንድፍ ብቻ ይዘን ተመለስን። ሂሳብ አስተማሪያችን ሲያዩት ምን እንዳሉ እዚህ አልደግመውም።

አሁን ወደ ጥፋቴ እመጣለሁ።

ጓደኞቼ ሲለኩ እኔ ከግድግዳው ሥር አንድ ድንጋይ አገኘሁ። መጠኑ የሁለት ቡጢ ያህል ነው። አንደኛው ወገን ሸካራ ሲሆን፣ በሌላው ወገን የመሮ ጫፍ የሚመስሉ ሦስት ጎን ለጎን የሆኑ ጭረቶች ነበሩበት። የጠራቢው እጅ ያረፈበት ነው ብዬ ልቤ ዘለለ። ግራና ቀኝ ተመለከትሁ፤ ማንም አላየኝም። በሹራቤ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት። ለሳይንስ ክፍላችን መስኮት የሚሆን ጌጥ ነው ብዬ ራሴን አሳመንሁት። እውነቱን ለመናገር ግን ከመኝታዬ ራስጌ ላኖረው ነበር ያሰብሁት።

ማታ ለአያቴ አሳየኋቸው። የሚደሰቱ መስሎኝ ነበር። ድንጋዩን ተቀብለው በጭኖቻቸው ላይ አድርገው ጥቂት ዝም አሉ።

«ከማን ቤት አመጣኸው?» አሉኝ።

«ከዋሻ ሚካኤል ነው፣ እማማ። ወድቆ ነው ያገኘሁት።»

«ወድቆ የተገኘ ነገር ባለቤት የለውም ያለህ ማነው?»

መልስ አጣሁ። እርሳቸውም ቀስ ብለው ነገሩኝ። እንጨት በሚያወርዱበት ዘመን ከዚያ ስፍራ ሲደርሱ ሸክማቸውን አሳርፈው መሬት ይስሙ ነበር። «ከዚያ ቅጥር ደረቅ ጭራሮ እንኳ አናነሣም ነበር፣ ልጄ። ያውም ለራሳችን ምድጃ ማገዶ ሳይኖረን» አሉኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ። አያቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ አርኪዎሎጂ የሚለውን ቃል ሰምተውት አያውቁም። እኔ ደግሞ በዚያው ቀን ጠዋት መምህራችን ስለ ሐዳር ሲናገሩ በደብተሬ የጻፍሁት አንድ ዐረፍተ ነገር ነበረኝ፤ አጥንት ከየትኛው የአፈር ንጣፍ እንደ ወጣ ካልተጻፈ ዕድሜውን ሊናገር አይችልም የሚል ነው። ጽፌዋለሁ፣ ከሥሩም አስምሬበታለሁ። ካሰመርሁም በኋላ ጥቂት ሰዓት ሳይሞላ ድንጋዩን በሹራብ ጠቀለልሁት።

በማግሥቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ወጣሁ። ከስፍራው አንድ አዛውንት አባት አገኘሁና ነገሩን አልደበቅሁም። «ደግ አደረግህ፤ እንግዲህ ካነሣህበት መልሰው» አሉኝና ከፊት ቀደሙ።

ካነሣሁበት! ክቡራንና ክቡራት፣ እውነት እላችኋለሁ፣ ይህ ቀላል መስሎኝ ነበር። ከሰሜኑ ግድግዳ ሥር እንደ ነበረ አስታውሳለሁ። ነገር ግን ከግድግዳው ሥር የወደቀው ፍርስራሽ ብዙ ነው፤ ሁሉም ቀለሙ አንድ ነው። የቅዳሜው እግራችን ጭቃውን አቡክቶት አንዱን ቦታ ከሌላው መለየት አይቻልም። ድንጋዩን ወደ ግድግዳው እያስጠጋሁ የተላቀቀበትን ለማግኘት ሞከርሁ። አንድ ቦታ የገጠመ መሰለኝ። ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብል እዚያም የገጠመ መሰለኝ። ሦስተኛም ቦታ አገኘሁ። ጭረቶቹ ወደ ላይ ይሂዱ ወይስ ወደ ጎን፣ ድንጋዩ ከመስኮቱ አፋፍ ይሁን ወይስ ከዓምዱ ሥር፣ ይህን የሚያውቀው ድንጋዩ የወደቀበት ቦታ ብቻ ነበር፤ ያንን ደግሞ እኔ አጥፍቼዋለሁ። እኚያ አባት እስኪመሽ ድረስ ከእኔ ጋር ፈለጉ። በመጨረሻ ድንጋዩን ከእጄ ተቀብለው ውኃ በማይደርስበት ደረቅ ስፍራ አኖሩት።

በ2016 ዓ.ም. የመልካ ቁንጡሬና የባልጪት ጥንታዊ ስፍራ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ በአንድ ቀን ተሄዶ ይመለሳል፤ ከእኛ በኋላ ያለው የ11ኛ ክፍልም እዚያ ለመሄድ አስቧል። ስለዚህ ለታናናሾቼ የምለው አለኝ። ሹራባችሁን ልበሱት እንጂ አትጠቅልሉበት። ድንጋይ ካያችሁ ባለበት ሣሉት፣ ከግድግዳው ስንት እርምጃ እንደ ሆነ ጻፉ፣ ስልክ ያለው ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ከዚያም ትታችሁት እለፉ። ማንኪያም አያስፈልግም።

ክፍላችን በዓይን ግምት የሣለው ንድፍ ከዚህ ስትወጡ በቤተ መጻሕፍቱ በር በስተቀኝ ተሰቅሏል። ልኩ ትክክል እንዳልሆነ አስቀድሜ ተናግሬአለሁ። በሰሜኑ ግድግዳ ላይ በቀይ እርሳስ የተጻፉ ሦስት የጥያቄ ምልክቶች ታያላችሁ። እነርሱን የጻፍሁ እኔ ነኝ።